«የልጅ መጫወቻ» ስለተባለው ባለ 22 ጠመንጃ

የቨርጂኒያው አትክልተኛ፦
ባለፈው ሳምንት ግራውንድሆግ የተባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ የጓሮ ጎመኔን እየጨረሰብኝ መሆኑን ነግሬያችሁ፣ ለዒላማ ልምምድም ለዚህ እንስሳም የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ጠመንጃ የትኛው እንደሆነ ጠይቄ ነበር። የኮሎራዶው ጋሼ «ባለ 22 የልጅ መጫወቻ ነው፤ ገንዘብህን አታባክን፣ ባለ 17 ግዛ» ብለው መለሱልኝ። ምክር መስጠታቸውን አከብራለሁ፤ አነጋገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ባለ 22 ማለት ጥይቱ 0.22 ኢንች ያህል ውፍረት ያለው ማለት ነው፤ ባለ 17ም 0.17 ኢንች ያህል። የባለ 22 ጥይት ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰውም ይኸው ነው፤ የዚያ ዒላማ የአሥር ነጥብ ክብ ወርዱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዓለም ምርጥ ተኳሾች ዕድሜያቸውን የሰጡበትን መሣሪያ መጫወቻ ማለት ተገቢ ነው?

የኮሎራዶው፦
ቃሌን አላነሳም። የኦሊምፒክ ዒላማ ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይቆስልም። እኔ የምኖረው ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ላይ ነው፤ የፈረሶቼን ግጦሽ በጉድጓድ የሚበሳሱት፣ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉት ትንንሽ የሜዳ እንስሳትም ከ100 ሜትር ወዲህ አይጠጉኝም። በ50 ሜትር የተስተካከለ ባለ 22 በ100 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ ጎን ይወስደዋል። ውጤቱ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፦ ሆዱን የተመታ እንስሳ ጉድጓዱ ገብቶ በስቃይ ይሞታል። በ2002 የወጣው ባለ 17 ግን 1.1 ግራም የምትመዝን ጥይቱን በሴኮንድ 770 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ስለሚልካት፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያነጣጠርሁበትን ትመታለች። እንስሳውን በአንድ ጥይት የማይጥል መሣሪያ ለአደን መያዝ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

የቨርጂኒያው አትክልተኛ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ሜዳና የእኔ ጓሮ አንድ አይደሉም። ግራውንድሆጉ የሚወጣው ከአጥሩ ሥር ነው፤ ከተቀመጥሁበት 40 ሜትር አይሞላም። በዚያ ርቀት 2.6 ግራም የሆነችው የባለ 22 ጥይት ጭንቅላቱን ካገኘች ሌላ አያስፈልገውም። ጭንቅላቱን ለማግኘት ደግሞ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ልምምድ ጥይት ይፈልጋል፤ ጥይት ገንዘብ ነው። በእኔ አካባቢ 500 የባለ 22 ጥይት በ40 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ 50 የባለ 17 ጥይት ግን ወደ 15 ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ እርስዎ አንድ ጊዜ ቃታ ሲስቡ እኔ ከሦስት ጊዜ በላይ እስባለሁ። በዓመት ሁለት ፓኬት ብቻ የሚተኩስ ሰው ባለ 17 ቢይዝም ማቁሰሉ አይቀርም።

የሚኒሶታዋ እናት፦
ሁለታችሁም ስለ ርቀትና ስለ ዋጋ ትከራከራላችሁ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን «መጫወቻ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የባለ 22 ጥይት ፓኬት ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ማለትም እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለኝ፤ አባቱ ወደ ተኩስ ሜዳ ይወስደዋል፤ እኔም አልከለከልሁም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ፊቱ «ይህ እኮ መጫወቻ ነው» ቢለው፣ በሁለት ዓመት ያስተማርነው ጥንቃቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል። ጋሼ፣ በባለ 17 ፍቅር ሰው ሊገድል የሚችል መሣሪያ አያቃልሉብን።

የዳላሱ፦
እህታችን እውነቷን ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበረው፤ ጥይቱን እንደ ወርቅ ይቆጥረው ስለነበር ሳያነጣጥር ተኩሶ አያውቅም። እኔ እዚህ አገር መጥቼ የገዛሁት የመጀመሪያ ጠመንጃ ከሌላ ሰው እጅ ያገኘሁት ማርሊን 60 ነው። ከ1960 ጀምሮ በሚሊዮኖች የተሠራ፣ አፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ጥይት የሚጎርስ፣ ሰደፉ እንጨት የሆነ ጠመንጃ ነው። ኩባንያው በ2007 ለሬሚንግተን ተሸጠ፤ ሬሚንግተን ሲከስር ደግሞ በ2020 ሩገር ገዛው። ጠመንጃዬ ግን ዛሬም ይተኩሳል፤ በሌላ አልለውጠውም።

የቨርጂኒያው አትክልተኛ፦
ማርሊን ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን በእጅ የሚቀባበለውን እመርጣለሁ። ሳቬጅ ማርክ 2 በዋጋው ርካሽ ነው፤ የቼኩ ሲዜድ 457 ይወደዳል እንጂ በጥራቱ ለልጅ የሚተላለፍ ነው። እያንዳንዱን ጥይት ራስህ ስታቀባብል ትንፋሽህን ትሰበስባለህ፤ ራሱ የሚያቀባብለው ግን አሥር ጥይት በአሥር ሴኮንድ ያስጨርስሃል።

የዳላሱ፦
የሚያስጨርሰው ጠመንጃው ሳይሆን ጣትህ ነው። ሩገር 10/22 ከ1964 ጀምሮ አሥር ጥይት በሚይዝ ካዝናው ስንቱን ሰው ተኩስ አስተምሯል! ትዕግሥት ከቤት ይዘኸው የምትመጣው ነገር ነው።

የካሊፎርኒያው፦
ለእኛ ክርክሩ ከዚህ ይለያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማንኛውንም እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ የመሬት ሽኮኮም ቢሆን። እርሳስ የሌለበት የባለ 22 ጥይት ከተራው በጣም ይወደዳል፤ በእኔ ጠመንጃ ደግሞ የሚመታበት ቦታ ይበታተናል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ባለ 22 ርካሽ ነው» የሚባለው ለልምምድ ብቻ ነው። ሕጉን ግን አልቃወምም፤ ተገድሎ የተተወውን ሥጋ የሚበላው ኮንዶር የተባለ ትልቅ አሞራ በእርሳስ ተመርዞ እንደሚሞት የተረጋገጠ ነው።

የኮሎራዶው፦
የእርሳስ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የባለ 22 የእርሳስ ጥይት ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ሲመታ ነጥሮ ወዳላሰብኸው አቅጣጫ ይሄዳል። ባለ 17 ጫፉ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲመታ ይበታተናል፤ የመንጠር ዕድሉም ያነሰ ነው። የሚኒሶታዋ እህታችን ለልጇ ከተጨነቀች ይህንንም ትመዝን።

የዳላሱ፦
የሚበታተን ጥይት ጥንቸሉንም ይበታትነዋል፤ የሚበላ ሥጋ አይተርፍም። እኔና ቤተሰቤ በሃይማኖታችን ጥንቸል አንበላም፤ ጎረቤቴ ግን ይበላል፤ ስለዚህ ባለ 22 ይዤ ጭንቅላቱን መትቼ ለእርሱ እሰጣለሁ። የማይበላውን ገድሎ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አባቴ ያላስተማረኝ ነገር ነው።

የኮሎራዶው፦
ወንድሜ፣ ፈረሴ በፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ እግሩን ሰብሮ በእጄ ገድዬዋለሁ። ፕሬሪ ዶግ ስለማልበላ ዝም ብዬ ልየው? በአገራችን ጃርትና ዝንጀሮ አዝመራ ሲያጠፉ ገበሬው ይበላቸው ነበር እንዴ?

የዳላሱ፦
ገበሬው አዝመራውን ሲጠብቅ ያድራል፤ በወንጭፍ፣ በጩኸት፣ በውሻም ያባርራል፤ የሚገድለው ሌላ መላ ሲያጣ ነው። ስለ ፈረስዎ አዝናለሁ።

የካሊፎርኒያው፦
እንዲያውም ለምን አንዱን .223፣ ማለትም ከሁለቱም የበለጠ ኃይል ያለውን ጠመንጃ፣ ገዝታችሁ አታርፉም? ቀለሁ ዳግም ይሞላል፤ ባለ 22ም ባለ 17ም ማቀጣጠያቸው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከተተኮሱ አይሞሉም። ከጊዜ በኋላም አጋዘን ታድኑበታላችሁ።

የቨርጂኒያው አትክልተኛ፦
እኛ ዘንድ አይሆንም፤ በቨርጂኒያ ከ.23 ባነሰ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ሕጉ አይፈቅድም። የድምፁም ነገር አለ፤ ጎረቤቶቼን በየቅዳሜው በ.223 ድምፅ ማስደንገጥ አልፈልግም። ወደ ጥያቄዬ ልመለስና፣ ጋሼ፣ በ40 ሜትር ርቀት ባለ 22 ያንሳል ይላሉ?

የኮሎራዶው፦
በ40 ሜትር፣ ጭንቅላት ለሚመታ ሰው፣ አያንስም። እኔ «የልጅ» ያልሁት ልጆች ተኩስ የሚማሩበት ስለሆነ ነው፤ እኔም ልጆቼን ያስተማርሁት በእርሱ ነው።

የሚኒሶታዋ እናት፦
«የልጅ» የሚለውን አስረድተውናል፤ እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ «መጫወቻ» ነው።

የኮሎራዶው፦
ከ100 ሜትር በላይ እንስሳ ለሚተኩስበት ሰው የተናገርሁት ነው፤ በዚያ ርቀት ሰውየው እየተጫወተ ነው፤ በዚህ እጸናለሁ።

የሚኒሶታዋ እናት፦
እንግዲያው የሚጫወተው ሰውየው ነው እንጂ ጠመንጃው መጫወቻ አይደለም። ይህንኑ እርስዎ ራስዎ አስተካክለው ይጻፉልን፤ ልጄ ይህን ከአባቱ ስልክ ላይ ያነበዋል።