ፓሪሽ ካውንስል ለአረጋውያን ምሳ ብር ማውጣት ይችላል? የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ እንግሊዝ አገር ካውንስል ውስጥ የምትሰሩ ወይ ህጉን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖርበት መንደር ፓሪሽ ካውንስል (ትንሹ የአካባቢ አስተዳደር ምክር ቤት) አባል ነኝ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሳምንት አንዴ አዳራሽ ተሰብስበው ትኩስ ምሳ እንዲበሉ ነው የምፈልገው፣ ብርዱ ሲመጣ ሰው ሳያናግሩ ቀናት የሚያልፉባቸው አሉ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነው። ክለርኳ (የካውንስሉ ጸሐፊ) ግን "በየትኛው ህግ?" ትላለች፣ ልክም ናት፣ ፓሪሽ ህግ የፈቀደለትን ብቻ ነው የሚያደርገው።

በፈረንጆቹ 2000 በወጣው ህግ የነበረው የማህበረሰብ ደህንነት (ዌልቢይንግ) ስልጣን በ2011 ሎካሊዝም አክት በሚባለው ህግ ተተክቷል፣ አዲሱ ጀነራል ፓወር ኦፍ ኮምፒተንስ የሚባለው (ማንኛውም ግለሰብ በህግ ማድረግ የሚችለውን ካውንስሉም እንዲያደርግ የሚፈቅደው) ሰፊ ነው ግን ከአባላቱ ሁለት ሶስተኛው በምርጫ የገቡ መሆን አለባቸው፣ ክለርኳም የብቃት ሰርተፊኬት ያስፈልጋታል። እኛ ጋ ደግሞ ተወዳዳሪ ስለጠፋ አብዛኞቻችን ካውንስሉ ራሱ ያስገባን ነን፣ ስለዚህ አይሆንልንም።

የቀረን የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ህግ ሴክሽን 137 ነው፣ ለነዋሪው ለሚጠቅም ነገር ብር ማውጣት የሚፈቅደው። እሱ በመራጩ ቁጥር ልክ የዓመት ጣሪያ አለው፣ ሌላ ህግ ለሚሸፍነው ነገርም አይሰራም።

እና አዳራሹን በ1976ቱ ህግ ሴክሽን 19 (የመዝናኛ ቦታዎችን በሚመለከተው) አድርገን ምግቡን ብቻ በ137 ብንከፍል ያስኬዳል? ወይስ ለአንድ ቻሪቲ (በጎ አድራጎት ድርጅት) ግራንት ሰጥተን እነሱ ቢያሰሩት ይሻላል? የሞከራችሁት ካላችሁ ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ንገሩኝ፣ በጀት የምናጸድቀው ጃንዋሪ ላይ ስለሆነ ከዛ በፊት ይዤው መግባት አለብኝ።