የወላጅ መሬት ለአንድ ልጅ ይለፍ ወይስ ለሁሉም ይከፋፈል?

የግብርና ባለሙያ፣ ምሥራቅ ጎጃም፦ አንድ ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር ነው። አራት ጥማድ ያለው አባት ለአራት ልጆች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቤተሰብ የማይቀልብ ቁራጭ ስለሆነ፣ መሬቱ ለሚያርሰው ለአንዱ ልጅ መተላለፍ አለበት ባይ ነኝ። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ቁመቱንም አግድሙንም ተደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ማሳው እንደ መቀነት ሲቀጥን ግን በሬዎቹ አግድሙን ጥቂት እንደተራመዱ ይዞራሉ፣ ሲዞሩም የጎረቤት ቡቃያ ይረግጣሉ። ከሁሉ የከፋው የተዳፋት መሬት አከፋፈል ነው። ከለሙም ከጠፉም ለሁሉም እኩል ይድረስ ተብሎ ማሳው ከላይ ወደ ታች ስለሚሰነጠቅ፣ እርከኑ ይፈርስና ድንበሩ ራሱ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል።

የገበሬ ልጅ፣ አሁን ባሕር ዳር የምትኖር፦ ወንድሜ፣ ስለ እርከኑ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን «የሚያርሰው ልጅ» ሲሉ በአገራችን ልማድ በሬ የሚጠምደው ወንድ መሆኑን እያወቁ ሴት ልጅን ከውርስ ማስወጣትዎ ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር የተደረገው እንዲህ ያለውን ልማድ ለማረም አልነበረምን? መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን የምትካፈል ሴትም ባለ እርሻ ናት። በዚያ ላይ እናትና አባትን የሚጦር ማን እንደሆነ የመንደሩ ሰው ያውቀዋል።

የሕግ ባለሙያ፦ የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ ወዲህ የሚወረሰው የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱ አይደለም። በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ውርሱን ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን ለሚጋራ የቤተሰብ አባል የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚተላለፈው መሬትም ከዝቅተኛው የይዞታ መጠን እንዳያንስ ይደነግግ ነበር። ሆኖም ወረቀት የከለከለውን ክፍፍል ወንድማማቾች በቃል ይፈጽሙታል፤ ደብተሩ በአንዱ ስም ይቀመጣል፣ ማሳው በአራት ይታረሳል፣ ክርክሩም ለልጅ ልጆቻቸው ይተርፋል። የመከፋፈል ክልከላ ብቻውን የትም አያደርስም የምለው ለዚህ ነው።

ወጣት ገበሬ፣ አዊ፦ በክልላችን በ1989 የመሬት ሽግሽግ፣ ማለትም ዳግም ክፍፍል፣ ሲደረግ እኔ አልተወለድኩም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ የሚጠብቀው የወላጁን እጅ ብቻ ነው። መሬቱ ለታላቅ ወንድሜ ብቻ ይሰጥ ከተባለ እኔ ምን ይዤ እወጣለሁ? መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለተከለከለ ድርሻዬን ወደ ገንዘብ ለውጬ ንግድ ልጀምር አልችልም።

የሕግ ባለሙያ፦ ልጄ፣ ያነሳኸው የነገሩ ሥር ነው። አዲሱ አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ስለፈቀደ፣ መሬቱን የያዘው ወንድም ተበድሮ ለሌሎቹ ካሳ ይክፈል የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ያ ግን ስሙን የለወጠ ሽያጭ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳበት አልጠራጠርም።

የባሕር ዳሯ፦ ሽያጭነቱ ይቅርና፣ ከአንድ ሄክታር ጤፍ የቤት ቀለብ፣ የማዳበሪያ ዋጋና የባንክ ዕዳ አንድ ላይ እንዴት ይወጣል? ክረምቱ አንድ ጊዜ ቢከፋ ዋስትና የተያዘውን መጠቀሚያ ባንኩ ይወስደዋል፤ ያኔ አራቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

የግብርና ባለሙያው፦ እንግዲያው ክፍያው በእህል ይሁን። ወንድ ሆነ ሴት አራሹን ቤተሰቡ ይምረጥ፤ ማሳው ሳይቆረስ እሱ ወይም እሷ ይረሰው፣ ሌሎቹ ልጆች እንደ እኩል አራሽ ውል ለተወሰኑ ዓመታት ከምርቱ ድርሻ ያግኙ፣ ውሉም በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይመዝገብ። በቃል ሲደረግ የኖረ ነገር ስለሆነ ለገበሬው እንግዳ አይሆንበትም፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።