የዛሬውን የወንዝ ፍሰት ከቀደሙት ዓመታት መዝገብ ጋር ስለማነጻጸር

ጥያቄ፦
የ38 ዓመት ዕለታዊ የፍሰት መዝገብ ያለውን አንድ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ እከታተላለሁ። የዕለቱን ፍሰት በሜትር ኩብ በሰከንድ ወስጄ ከወሩ የብዙ ዓመታት አማካይ ጋር ሳነጻጽረው፣ ድርቅ ባልታየባቸው ዓመታት እንኳ አብዛኛው ቀን «ከመደበኛ በታች» ሆኖ ይወጣል። ስሌቱን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። በምን ላነጻጽር?

ምላሽ ፩፦
ስሌትዎ ልክ ነው፤ የሚያሳስትዎ አማካዩ ነው። ፍሰት በጎርፍ ጊዜ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚያድግ፣ ጥቂት የጎርፍ ቀናት አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታልና ከግማሽ በላይ የሆኑት ቀናት ከእሱ በታች መዋላቸው የሚጠበቅ ነው። ይልቁንስ በየዓመቱ በዚያው ቀን የተመዘገበውን ፍሰት ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው የዛሬው የት ላይ እንደሚያርፍ ይመልከቱ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በዚህ መንገድ ከ25ኛው እስከ 75ኛው ፐርሰንታይል (25ኛው ፐርሰንታይል ማለት ከመዝገቡ 25 በመቶው ከእሱ በታች የሚውልበት ፍሰት ነው) ያለውን መደበኛ፣ ከ10ኛው በታች ያለውን ደግሞ ከመደበኛ እጅግ ያነሰ ይለዋል። የአንድ ቀን መዋዠቅ እንዳያውክዎ የ7 ቀን አማካይ ፍሰትን ቢጠቀሙ ይሻላል።

ምላሽ ፪፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መዝገቡ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። አብዛኞቹ ጣቢያዎች ያለማቋረጥ የሚመዘግቡት የውሃውን ከፍታ ሲሆን፣ ፍሰቱ የሚሰላው በመስክ ልኬት ከተዘጋጀ የከፍታና የፍሰት ግንኙነት ነው። ጎርፍ የወንዙን ወለል ሲቦረቡር ወይም ደለል ሲከምር ያ ግንኙነት ይለወጣል፤ ውሃው ባነሰበት ወቅት የጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት ፍሰቱን በእጅጉ ሊያዛባው ይችላል። ግንኙነቱ በመስክ ልኬት መቼ እንደታደሰ ሳያውቁ በፐርሰንታይሉ ባይተማመኑ ይመረጣል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግንኙነቱ በየጊዜው ታድሷል። ሆኖም ከጣቢያው በላይ በ20ኛው ዓመት ግድብ ተሠርቷል። መዝገቡን ለሁለት ልክፈለው?

ምላሽ ፩፦
አዎን፣ ይክፈሉት። ግድብ ብዙውን ጊዜ ጎርፉን ይቀንሳል፣ የበጋውንም ፍሰት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሁለቱ ዘመናት እንደ አንድ ወንዝ መዝገብ ሊታዩ አይችሉም። ለዕለታዊ ክትትል ከግድቡ በኋላ ያለውን፣ ወንዙ በተፈጥሮው ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ደግሞ የቀደመውን ይጠቀሙ።

ምላሽ ፪፦
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ለእንዲህ ያለ ንጽጽር 30 ዓመት መያዝ የተለመደ ሲሆን፣ በ18 ዓመት መዝገብ ግን 10ኛው ፐርሰንታይል የሚቆመው በአንድ ወይም በሁለት ደረቅ ዓመታት ላይ ብቻ ነው። የአጎራባች ቀናትን መረጃ መደመርም ይህን አይፈታውም፤ የትናንትና የዛሬ ፍሰት ተቀራራቢ ስለሆነ አዲስ ዓመት አይተካም። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች» ለማለት ይበቃዎታል፣ «እጅግ ያነሰ» ለማለት ግን ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር ያመሳክሩ።