ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው የትኛው አከፋፈል፣ የትኛው ማድረሻ ይሻላል?

በዚህ ወር ሁለት ዘመዶቼና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ በስልካቸው ያዩት ዋጋና ከሒሳባቸው የወጣው ገንዘብ አልገጥም ብሏቸው የባንክ መልእክቶቻቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱም የተጭበረበሩ መስሏቸው ነበር። አንድ በአንድ ስናገላብጠው ግን የአንዱ ትርፍ ገንዘብ የሄደው ለአጓጓዥ፣ የሌላው ለባንክ የአገልግሎት ክፍያ፣ የባልደረባዬ ደግሞ ሳታስተውል ለተመዘገበችበት ወርኃዊ ክፍያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዕቃው እጄ እስኪገባ ድረስ ያለውን ሙሉ ድምር ከመክፈሌ በፊት አውቀዋለሁ ወይ?

ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዕቃ ልጀምር፤ አብዛኞቻችን የምንገዛው ከዚያ ነውና። «ዴሊቨሪ ነፃ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ በ4,200 ብር የጁስ መጭመቂያ ስገዛ፣ ነፃ የተባለው ማድረሻ እዚያው አዲስ አበባ እስካለው ላምበረት መናኸሪያ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ገንዘቡን ከላክሁ በኋላ ነው። ለአውቶቡሱ 250 ብር፣ ደሴ መናኸሪያ ላይ ላወረደው ልጅ 50 ብር፣ እስከ ሆጤ ለባጃጅ 120 ብር ከፈልሁ። በድምሩ 4,620 ብር ወጣብኝ ማለት ነው፤ ትርፉ ከዋጋው አንድ አሥረኛ ነው። ከእነዚህ ክፍያዎች አንዳቸውም ያለ አግባብ የተጠየቁ አልነበሩም፤ ሻጩ አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፣ እኔም አስቀድሜ ልጠይቀው ይገባ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ የሚያሳየውም ዋጋ ግብርንና ሌሎች ሕጋዊ ክፍያዎችን ያካተተ እንዲሆን ደንግጓል። ዋጋውን «በውስጥ መስመር» ብቻ ከሚናገር ሻጭ ይልቅ ከፎቶው ሥር የሚጽፈውን የምመርጠውም ስለዚህ ነው።

ወደ ማድረሻው ስንመጣ፣ 400 ኪሎ ሜትር ለሚያህለው መንገድ በየብስ ፈጣኑ አውቶቡስ ነው። ነገር ግን ዕቃን ለረዳት አስይዞ መላክና ደረሰኝ በሚሰጥ የአውቶቡስ ድርጅት ቢሮ በኩል መላክ እኩል አይደሉም። በመጀመሪያው መንገድ ክፍያው የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከወረደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ ለመከራከር አይመቸውም። በሁለተኛው መንገድ ከፋዩ ላኪው ይሁን ተቀባዩ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል፤ ጥቂት ቢወደድ እንኳ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ እናንተን አልፎ ነው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባው። ሻጩ «ደሴ» ብሎ ከጻፈ ዕቃችሁ ደጃችሁን አልፎ ይወጣና፣ 25 ኪሎ ሜትሩን መልሶ ለማውረድ የሚኒባስ ሒሳብ ይጨመርበታል። በዕቃው ላይ «ኮምቦልቻ» ተብሎ በትልቁ መጻፉን የሚያሳይ ፎቶ አስልኩ።

ፖስታ ቤት ይዘገያል፤ የዋጋው ግልጽነት ግን ይበልጣል። ክፍያው በሚዛን መስኮቱ ላይ ይታወቃል፣ ደረሰኝ አለው፣ ፈጣን መልእክትና የተመዘገበ ጥቅልም ሁለት ፊደል፣ 9 አሃዝና ሁለት ፊደል ያለው መከታተያ ቁጥር ይሰጠዋል። ለሰነድ፣ ለመጽሐፍና ለትንንሽ ዕቃ የምጠቁመው እርሱን ነው።

ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ በአየር ለሚያስልክ ሰው ደግሞ ኪሎው ብቻ አያስተማምንም። አየር አጓጓዦች ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ያባዙና ለ5,000 ወይም ለ6,000 ያካፍሉታል፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በውጤቱ ነው። 50 በ40 በ30 የሆነ ካርቶን ውስጡ 2 ኪሎ ትራስ ቢሆን እንኳ እንደ አሠራሩ 12 ወይም 10 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል።

አገር ውስጥ ስትከፍሉ የቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ የይለፍ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት የሚያሳየውን የአገልግሎት ክፍያ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ባንክ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስባል፤ ክፍያው 10 ብር ከሆነ ከታክሱ ጋር 11 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አንዱ ዘመዴ «ማን ወሰደብኝ?» ያለው ይህንኑ ነበር። ሻጩ «ቀብድ ላኩ» ካለ ደግሞ፣ ቀብዱ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ይሁን ወይስ ለማድረሻ ብቻ የሚውል በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ዕቃውን አይቶ መክፈል የሚፈቅድ ሻጭ ካገኛችሁ በዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ እርሱን ያዙ።

ከውጭ አገር ለማዘዝ ያለን ምርጫ በትእዛዝ የሚያስመጣ ሰው ወይም የራስ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው። ለልብስ፣ ለጫማና ለኤሌክትሮኒክስ አስመጪው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ዋጋውን በብር ቆርጦ፣ ጉምሩክንና በኪሎ የሚታሰበውን ማጓጓዣ አካትቶ የሚጽፍላችሁ ከሆነ ብቻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ አስመጪዎች ዕቃው ከደረሰ በኋላ «ዶላር ጨምሯል» እያሉ ልዩነት ይጠይቃሉ። ምንዛሪው ቢጨምር ማን እንደሚሸከመው ቀብድ ስትሰጡ ካልተስማማችሁ፣ ስትረከቡ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ስለ ቀረጡም አንድ ነገር እወቁ፦ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና መድኑ ተደምሮበት ነው። የ100 ዶላር ዕቃ በ40 ዶላር ማጓጓዣ ከመጣ ስሌቱ የሚጀምረው ቢያንስ ከ140 ዶላር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱም ከቀረጡ በኋላ ባለው ድምር ላይ ይታሰባል። ውድ ማጓጓዣ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፍ ካርድ ያላችሁ ሰዎች እርሱን ለትምህርት፣ ለፈተና ምዝገባና ለሶፍትዌር ብታውሉት ይሻላል፤ እነዚህ ማድረሻም ጉምሩክም የለባቸውም። ሆኖም ካርዱ በዶላር የተሞላ ቢሆን እንኳ ሻጩ የሚያስከፍለው በዩሮ ወይም በድርሃም ከሆነ የምንዛሪ ክፍያ ይታከልበታል። ሻጩ ካርዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ 1 ዶላር ያህል ሲይዝም የተቆረጠ ይመስላል፤ ገንዘቡ ለጊዜው ታገደ እንጂ አልተከፈለም፣ ከቀናት በኋላም ይለቀቃል። የታገደ ወይም በመጠባበቅ ላይ ያለ መሆኑን ባንኩን ጠይቁ፤ የተከፈለ ከሆነ ብቻ አቤቱታ ጻፉ።

የባልደረባዬ ነገር ግን ከእገዳ የተለየ ነበር። ለ7 ቀን ነፃ ተብሎ የካርድ ቁጥሯን ያስገባችበት መተግበሪያ በ8ኛው ቀን የወሩን ክፍያ ወሰደ። መተግበሪያውን ከስልኳ ላይ ብታጠፋውም ምዝገባው አልጠፋም፤ መሰረዝ ያለበት በራሱ በአገልግሎቱ ገጽ ወይም በስልኩ የመተግበሪያ መደብር ውስጥ «ምዝገባዎች» በሚለው ሥር ነው። አብረን ከሰረዝነው በኋላ የመሰረዣውን ኢሜይል አትማ ለባንኩ ሰጠች። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ አልተመለሰላትም፤ በሚቀጥለው ወር ግን ምንም አልተቆረጠባትም።