ፎርጅድ ፊርማ ተሸጠልኝ፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ዝነኛ ቦክሰኛ ፊርማ ያለበት ፎቶ ኦንላይን ገዛሁ። የማረጋገጫ ወረቀትም አብሮት መጣ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ፊርማው ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የብዕር ቀለም የለም፣ የእጅ ጫና የለም፤ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነው። ሻጩን ሳናግረው «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። በሕግ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ 1፦
አለ እንጂ! «የተሸጠ አይመለስም» ማለት ማጭበርበርን አይሸፍንም። የእጅ ፊርማ ነው ብሎ የታተመ ከሸጠልህ፣ በብዙ አገር ሕግ ውሉን አፍርሰህ ገንዘብህን መጠየቅ ትችላለህ። መጀመሪያ ግን ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርግ፤ ነገ ሊያጠፋው ይችላል። በካርድ ከፍለህ ከሆነ ዛሬውኑ ባንክህን አናግር። ለቅሬታው ቀነ ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜ 120 ቀን አካባቢ። ክሱ ከዚያ ይደርሳል።

መልስ 2፦
ወረቀቷን እንዳትጥላት። ፊርማው እውነተኛ ለመሆኑ ምንም አታረጋግጥም፤ ሻጩ ምን ብሎ እንደሸጠልህ ግን ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በሐሰተኛ ፊርማ ሻጮች ላይ ባደረገው «ኦፕሬሽን ቡልፐን» የተባለ ምርመራ፣ የማዘር ቴሬዛ ሐሰተኛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር አግኝቷል (እውነቴን ነው!)። የማረጋገጫ ወረቀት ማተም ለአጭበርባሪዎች ምን ይከብዳቸዋል?

መልስ 3፦
ወንድሜ፣ ከሻጩ ጋር ንክኪ የሌለው ባለሙያ መርምሮ በጽሑፍ ይስጥህ። «እኔ አይቼዋለሁ» ብቻ ፍርድ ቤት አያስኬድም። ደግሞ ተናድደህ ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው። እያወቅህ ከሸጥከው ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ።