ለሰው የሚነበብ ኮድ፦ ለጉባኤው የምናቀርበውን ረቂቅ እንጨርስ

አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ እስካሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አባላት በጋራ የሚጽፉት የፕሮግራም ኮድ በቀላሉ የሚነበብ ይሁን።» ይህን የሚቃወም የለም። ችግሩም እሱ ነው። ሁሉም እሺ ብሎ ይወጣል፣ በነጋታው እንደ ድሮው ይጽፋል። «በቀላሉ» ስንል ለማን ነው? ተነበበ፣ አልተነበበም የሚለውስ ማን ነው?

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ራሴ የጻፍኩትን ፋይል ከፈትኩ። መሀል ላይ «ዲ» የምትባል ቫሪያብል፣ ማለትም ዋጋ የሚያዝባት ስም፣ አለች። ዴት (ቀን) ትሁን፣ ዴብት (ዕዳ) ትሁን፣ ዲስካውንት (ቅናሽ) ትሁን ምንም ፍንጭ የለም። እዚህ ጋ ትቀነሳለች፣ እዚያ ጋ ትባዛለች። እሷን ለመፍታት ግማሽ ቀን ሄደብኝ። የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?

እስከ ዓርብ ረቂቁን መዝጋት አለብን። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

መምህርት

መለኪያው አንባቢው ይሁን። ጸሐፊው «ግልጽ ነው» ቢል አይበቃም። ለእሱማ ግልጽ ነው፣ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ነው የሚያነበው።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሁለት ተማሪዎች ኮዳቸውን ይለዋወጣሉ። አንባቢው «ይሄ እንዲህ ያደርጋል» እያለ መስመር በመስመር ጮክ ብሎ ይናገራል። ጸሐፊው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ግን ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። አንባቢው የቆመበት፣ ወደ ላይ ተመልሶ ያየበት፣ የተሳሳተበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማየው ጸሐፊውን ነው። አንድ ቦታ ሲደርሱ «እሱ ማለት እኮ...» ሊል አፉን ይከፍታል። ሊናገር የነበረው ነገር ነው ከኮዱ የጎደለው።

ስለዚህ አንቀጽ አንድ ይህ ይሁን፦ «ያልጻፈው አባል አንብቦ፣ ጸሐፊውን ሳይጠይቅ፣ ምን እንደሚሠራ በራሱ ቃል መናገር ካልቻለ ኮዱ አላለቀም።»

የጥገና ባለሙያ

እህታችን ያለችውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሰው ይደክመዋል፣ ዓይንም ይታለላል። ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ለማሽን እንተወው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአፕል ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ የተገኘውን ስህተት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የሰርቨርን ፊርማ የሚያረጋግጠው ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ ውስጥ «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ) በ«ኢፍ» ላይ ይደረደራል። እያንዳንዱ፣ እርምጃው ስህተት ከመለሰ «ጎቱ ፌል» ይላል፤ ወደ መጨረሻው ዝለል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ይሄው መስመር ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ሁለቱም እኩል ወደ ውስጥ ገብተው ተጽፈዋል። ለሚያይ ሰው ሁለቱም በኢፉ ሥር ናቸው። የኢፉን ወሰን የሚያሳይ ቅንፍ ስለሌለ ግን በኢፉ ሥር ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ምንም ይምጣ ምን ይዘልላል። ከታች ያለው የፊርማ ምርመራ አይደረስበትም። እስከዚያ የተመዘገበ ስህተት ስለሌለ ፋንክሽኑ «ሁሉ ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል።

አያችሁ፣ የኮዱ መልክ አንድ ነገር ይላል፣ ኮዱ ሌላ ይሠራል። ፎርማተር፣ ማለትም የኮድን አሰላለፍ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም፣ ቢያልፍበት ኖሮ ሁለተኛውን መስመር ወደ ግራ ያወጣው ነበር። ያኔ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አንቀጽ ሁለት፦ «ቅንፍ ባላቸው ቋንቋዎች ኢፍ ሁሉ ቅንፍ ይኑረው። ማንኛውም ኮድ ወደ ጋራው ኮድ ከመግባቱ በፊት በፎርማተር ይለፍ።» «ጎ» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፎርማተሩን አብሮ ይዞ ስለመጣ፣ መስመር ወደ ውስጥ የሚገባው በታብ ነው በስፔስ የሚለው ጭቅጭቅ እዚያ ቦታ አጥቷል። እኛም እንገላገል።

አዲስ አባል

ጋሼ፣ በፎርማተሩ እስማማለሁ። ግን ፎርማተር «ዲ»ን አያድናትም። ተስተካክላ የተሰለፈች «ዲ» ያው «ዲ» ናት። ስለ ስም ራሱን የቻለ አንቀጽ ያስፈልገናል።

በተለይ መለኪያ ያለው ቁጥር ሲሆን መለኪያው ስሙ ውስጥ ይግባ። ወደ ማርስ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው በዚህ ጉዳይ ነው። አንዱ ፕሮግራም የሞተሩን ግፊት በፓውንድ ሰከንድ ያወጣል፣ ተቀባዩ በኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ ያሰላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። «ግፊት» ከማለት «ግፊት_በኒውተን_ሰከንድ» ማለት ምን ይከብዳል?

የጥገና ባለሙያ

ነጥብሽ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚያ ቁጥሩ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ያለፈው በፋይል ነበር፤ የቫሪያብል ስም ብቻውን ላያድናት ይችል ነበር። ስለዚህ «ስም» ስንል የፋይል ዓምዶችንና የዳታቤዝ መስኮችንም ይጨምር። አንባቢው ቆም ብሎ «በምን መለኪያ?» የሚልበት ቦታ ያግኝ።

አዲስ አባል

ተቀብያለሁ፣ እንዲያ እጽፈዋለሁ። ሌላው የኮመንት፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ፣ ነገር ነው። ቀድሞ በተላከው ማስታወሻ ላይ «እያንዳንዱ ፋንክሽን ኮመንት ይኑረው» የሚል አይቻለሁ። እባካችሁ ይሄ ይውጣ። ሰው ሲገደድ የሚጽፈውን አውቀዋለሁ፦ ቆጣሪው ላይ አንድ የሚደምር መስመር፣ ከላዩ ደግሞ «ቆጣሪው ላይ አንድ ይደምራል»። አንባቢውን ሁለት ጊዜ ማስነበብ ነው። ኮዱ ተለውጦ ኮመንቱ ሲቀር ደግሞ ይባስ ብሎ ይዋሻል።

መምህርት

አዎ፣ ይውጣ። በምትኩ «ለምን?» የሚለውን እንጠይቅ። ምን እንደሚሠራ ኮዱ ይናገራል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ኮዱ መናገር አይችልም። «ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ሞክር» የሚል ኮድ አለ እንበል። ከላዩ «ሦስት ጊዜ ይሞክራል» ቢባል ምንም አልተጨመረም። «ያኛው ሲስተም ከቆመበት ሲነሣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ደግመን እንልካለን» ቢባል ግን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ኮድ ሊሰርዝ የተነሣ ሰው እጁን ይሰበስባል።

አባል

እኔ በቁጥር የሚለካ ነገር እፈልጋለሁ። ፋንክሽን ከ20 መስመር አይለፍ እንበል።

መምህርት

ወንድሜ፣ በቁጥሩ አልስማማም። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ እንዲያ ብያቸው አንዱን ወጥ ሐሳብ ስምንት ቦታ ቆራርጠው አመጡት። አንባቢው ከፋንክሽን ወደ ፋንክሽን ሲዘል መነሻውን ረሳው። ረዘመ አልረዘመ የሚለውን የአንቀጽ አንድ ንባብ ያሳየናል።

አባል

እሺ፣ ትቼዋለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። ፓይተን 3 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እትም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። እንፍቀድ ወይስ አንፍቀድ?

የጥገና ባለሙያ

ልቤ ይወደዋል። ሞክሬዋለሁም። ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ «ስም» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ ቦታ «ሥም»። ለጆሮዬ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፕሮግራሙ ዋጋውን በአንዱ ያስቀምጣል፣ ከሌላው ባዶ ያነባል። ስህተቱን ስፈልግ ዓይኔ ደጋግሞ አለፈው። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ።

የስም መዝገብ ተዘጋጅቶ አንዱ አጻጻፍ ካልተወሰነ በቀር አልመክርም። ኮመንት ላይ ግን በአማርኛ ይጻፍ፣ እንዲያውም ይበረታታ። ሰው «ለምን»ን በሚያስብበት ቋንቋ ሲጽፍ አይሸሽም፣ አያሳጥርም።

አስተባባሪ

ጥሩ ሄድን። እስካሁን የተስማማንበት ይሄ ነው። ያልጻፈው አባል አንብቦ በራሱ ቃል ይናገራል፣ ጸሐፊው ዝም ይላል። ፎርማተርና ቅንፍ ግዴታ ናቸው። ስም መለኪያውን ይይዛል፣ የዳታ መስኮችን ጨምሮ። ኮመንት «ለምን»ን ይናገራል፣ በአማርኛም ይሁን። የመስመር ቁጥር ገደብ ቀርቷል። በፊደላችን የሚጻፉ ስሞች የመዝገብ ሥራው እስኪያልቅ ይቆያሉ፤ መዝገቡን ጋሼ ይጀምሩልን።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ጉባኤው ላይ «ንባቡ ሥራ ያጓትታል» መባሉ አይቀርም። በወሬ ከምንመልስ ሠርተን ብናሳይ ይሻላል። ከዓርብ በፊት አንድ እውነተኛ ፋይል እናስነብብ፣ ሰዓት እንያዝ፣ ምልክት የተደረገባቸውን ቦታዎች ከረቂቁ ጋር እናያይዝ።

አዲስ አባል

«ዲ» ያለችበትን ፋይል ላክልኝ። እኔ አይቼው አላውቅም፣ አንባቢው እኔ ልሁን። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ።

አስተባባሪ

ልኬልሻለሁ። ስሟን አልቀየርኩትም፣ ምን እንደሆነችም ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን። ሰዓት የምትይዘው መምህርት ናት።