በጣና ዳር ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚዘጋጅ የልማት ዕቅድ ከባህላቸው ጋር እንዴት ይጣጣም?

ጥያቄ፦ የዕቅድ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በባሕር ዳር ከተማ፣ በሐይቁ ዳርቻ ለሚኖሩ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት የኑሮ ማሻሻያ ዕቅድ በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ማኅበረሰቡ የእስልምና ተከታይ ሲሆን፣ ለዘመናት የኖረው የደንገል ታንኳ በመሥራት፣ አሳ በማስገርና በስፌት ነው፤ የእርሻ መሬት የለውም ማለት ይቻላል። ያቀረብንላቸው ሐሳብ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ በቡድን ዋስትና ብድር መስጠት ነበር። ሆኖም በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ወለድ ያለበት ገንዘብ ቤቴ አይገባም» ካሉ በኋላ ስሙን ያስመዘገበ ሰው አልነበረም። ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር ብንዘረጋ ችግሩ ይፈታል ትላላችሁ? ወይስ ያላየነው ሌላ ነገር አለ?

መልስ 1፦ የባንክ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ የአዛውንቱ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቅዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ለአሳ አስጋሪ የሚስማማው ሙራባሃ የሚባለው አሠራር ይመስለኛል። በዚህ አሠራር ባንኩ ጥሬ ገንዘብ አያበድርም፤ መረቡን ወይም የእንጨት ጀልባውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ በግልጽ አስታውቆ፣ ቀስ በቀስ በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው ይሸጥለታል። ባንኩ ዕቃውን በእጁ ሳያስገባ ደረሰኝ ብቻ ተቀብሎ ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ ግን ስሙ ይለወጥ እንጂ ነገሩ ያው ብድር ነው፤ ሰዎቹም ይህን ለመለየት ጊዜ አይፈጅባቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ዋስትናው ነው። ወለዱ ቢቀርም ባንክ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ መጠየቁ አይቀርም።

መልስ 2፦ የሐይቅ ዳር ልጅ

እኔ የማኅበረሰቡ ተወላጅ ነኝ። የወለዱ ጉዳይ እውነት ነው፤ ሃይማኖታችን ነውና አንደራደርበትም። ነገር ግን ወለዱ ተነሥቶ ገንዘቡ ቢሰጠን በምን ላይ እንድንሠራበት ታስቧል? የደንገል ታንኳ ለጥቂት ሳምንታት ከተሠራበት በኋላ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ አዲስ ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እንደገና መታሰር አለበት። ሥራው ደንገሉ ካለበት ዳርቻ ተለይቶ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በሰው ቁጥጥር ሥር ገባ፤ በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ሲሸሽ ደግሞ የተራቆተው ዳርቻ ታረሰ፤ ደንገሉም ተመነጠረ። ከከተማው በኩል የቀረው ዳርቻ በየጊዜው ለሆቴልና ለመዝናኛ እየታጠረ ነው። ቤተሰብን ከዳርቻው አንሥቶ ፎቅ ላይ ማስፈር መኖሪያ ይሰጠዋል፤ ታንኳውን የሚያሳርፍበትና ደንገሉን የሚያሰጣበት ቦታ ግን አይሰጠውም።

ሌላም ልጨምር። የሙስሊሙን ባህል ለማወቅ ብላችሁ መጅሊሱን ብቻ ብታማክሩ እኛን አማከራችሁ ማለት አይደለም። አባቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ሌላው ሙስሊም ለረጅም ዘመን እንደ ወንድም አልቆጠረንም፤ በጋብቻም ርቆን ኖሯል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ ሰፈራችን መጥታችሁ ሽማግሌዎቻችንንና እናቶቻችንን በራሳቸው ደጃፍ እንድትጠይቁ ስለምፈልግ ነው።

መልስ 3፦ እማማ ስፌት

የሐይቅ ዳር ልጅ የተናገረውን እደግፋለሁ። ስብሰባ ዓርብ ቀትር ላይ አለመጥራት ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። የቡድን ዋስትናውንም በተመለከተ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተማምነው የሚጥሉት እቁብ ወለድ የለበትም፤ የስፌት ማኅበር ካስፈለገ ከዚያ ቢጀመር ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ዳርቻው ይቅደም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለው ሥፍራ በዙሪያው በሚገኙት ቀጠናዎች ተፈጥሮን ሳይጎዱ መጠቀምን ይፈቅዳል። ስለዚህ ዕቅዳችሁ የብድሩን ሠንጠረዥ ከመሙላቱ በፊት የደንገል ማጨጃና የታንኳ ማሳረፊያ ሥፍራ ስፋቱ ተለክቶ፣ ወሰኑ ተተክሎ፣ በማኅበረሰቡ የወል ይዞታ ስም በከተማው ፕላን ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ባንኩ የሚፈልገው ካርታም ከዚያ ሊጀምር ይችላል።